ያልበላሁት አምባዛ

ሎኩሩ ማረፉን የነገረችኝ ልጁ ማርታ ናት። አብረን ያገለገልንበት መሥሪያ ቤት ደግሞ በማግሥቱ በማስታወቂያ ሰሌዳው አረጋገጠልኝ። ጂንካ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሰው ሰሌዳ ላይ እስኪወጣ ድረስ ሙሉ በሙሉ ሞቷል አይባልም። ማስታወቂያው በአንድ የጨረታ ጥሪና ጠፋ በተባለ መታወቂያ መካከል ተለጥፏል። ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ሲሆን በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ አንድ ስህተት አለ። የመጀመሪያው ሟቹን «የአገር ሽማግሌ» ይለዋል፤ ሎኩሩ እስከ ጡረታው ድረስ ተላላኪ ነበር፣ ሽማግሌ መባልንም አይወድም ነበር። ሁለተኛው «የሕዝቡን ታሪክ ሳይሰስት ለትውልድ ያካፈለ» ይላል፤ እኔ በዕድሜዬ እንደ እሱ ታሪክ የሚሰስት ሰው አላየሁም። ሦስተኛው ደግሞ «የኮርሜ ደሴት ሰዎች በዋናተኛው በሬ ጀርባ ሆነው ሐይቁን የተሻገሩበትን ድንቅ ትውፊት ያስረከበ» ይላል። ይህ ሦስተኛው ስህተት የሎኩሩም፣ ማስታወቂያውን የጻፈው ወጣትም አይደለም። የእኔ ነው።

በባህል ባለሙያነት ጂንካ የተመደብኩት ከመንግሥት ለውጡ በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ዓመታት ነው። ዘመኑ እያንዳንዱ ሕዝብ ታሪኩን እንዲያስመዘግብ የሚጠየቅበት ስለነበረ ከበላይ አካል ቅጽ በካርቶን ይላክልን ነበር። ቅጹ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ባህላዊ ምግቦች»፣ ሌላው «አፈ ታሪክ» ይላል። ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ በተለያየ ፋይል፣ በተለያየ መደርደሪያ እንዲቀመጡ በጥብቅ ታዘናል። እኔም ቅኔ ቤት ቆይቼ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ፣ ሥርዓት የምወድ ሰው ስለነበርኩ ትእዛዙን ከልቤ ፈጸምኩት። የኋላ ጥፋታችን ሁሉ ከዚያ መደርደሪያ እንደሚጀምር ያን ጊዜ አልገባኝም።

ሎኩሩን ያየሁት በገባሁበት ቀን ነው፤ የምደባ ደብዳቤዬን ከመዝገብ ቤት ወደ ኃላፊው ያደረሰው እሱ ነበርና። ረጅም፣ ደረቅ ያለ፣ ደረቅ መሬት ላይ እንኳ ውሃ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው ጉልበቱን ከፍ አድርጎ የሚራመድ ነበር። ማንበብ አይችልም። ሆኖም በተላላኪነት ባገለገለበት ዘመን ሁሉ አንድም ደብዳቤ ወደማይመለከተው ቢሮ አስገብቶ አያውቅም። ምሥጢሩን ስጠይቀው፣ ደብዳቤውን የሚሰጠውን ሰው ፊት እንደሚያይ ነገረኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲያቀብል «ይኼ የተቆጣ ነው፤ ተቀምጠህ አንብብ» ይላል። የዝውውር ደብዳቤ ሲሆን ደግሞ ምንም ሳይናገር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በዝግታ ይወጣል።

ወንድ ሴት ሳይለይ ለሁሉም ሰው «አንተ» ይል ነበር። አማርኛን የተማረው በወጣትነቱ ኦሞራቴ ላይ ታንኳ ሲቀዝፍ ከተሳፋሪዎች ነው፤ ታንኳ ላይ «እባክዎ ወደዚያ ጠጋ ይበሉ» ተብሎ ሳያልቅ ሰው ውሃ ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ሳለን በሩን ከፍቶ ኃላፊውን «አንተ፣ ሚስትህ መጥቷል። ተቆጥቷል» አለው። ኃላፊው ማዕረግ የሚወድ ሰው ስለነበረ ፊቱ ጠቆረ፤ ነገር ግን የባለቤቱ ቁጣ ስላስቸኮለው «አንተ» መባሉን ሳያነሳው ቀረ።

ሎኩሩ ምሳውን የሚበላው ከመዝገብ ቤቱ ጀርባ፣ ለብቻው፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ነበር። ዘመዶቹ ከቆላ የሚልኩለትን የደረቀ ዓሣ በከሰል ላይ ይጠብሳል። ሽታው በመስኮት ይገባል። ሠራተኞቹ አቤቱታ አቀረቡ፤ ኃላፊው በመሥሪያ ቤቱ ቅጥር ግቢ ሽታ ያለው ምግብ ማብሰል ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ማሳሰቢያ አስጻፈ፤ ማሳሰቢያውን ለየክፍሉ ያደረሰውም ሎኩሩ ራሱ ነው። የእኔን ግልባጭ ሲሰጠኝ ወረቀቱን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ «ይኼኛው ይሸታል» አለኝ፤ በማግሥቱም እንደ ልማዱ ጠበሰ።

የኮርሜ ጉዳይ የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ኮርሜ የኦሞ ወንዝ ከሐይቁ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ከደለልና ከሸምበቆ መካከል ብቅ ያለች ትንሽ መሬት ነበረች። የሚኖሩባት ጥቂት ቤተሰቦች ቋንቋቸው ከዳሰነች ጋር አንድ ነው፤ ከብት ግን የላቸውም። በዳር ያሉት አርቢዎች «ዓሣ በል» ይሏቸዋል። በዚያ አገር ይህ ምግብን የሚገልጽ ቃል አይደለም፤ ድሃ ማለት ነው። የደሴቲቱን ሰዎች ትውፊት የሚያውቅ የመረጃ ምንጭ እንዲፈለግልን ለኦሞራቴ ጻፍን። መልስ አልመጣም። ደግመን ጻፍን። ለአስታዋሽ ደብዳቤው አስታዋሽ ጻፍን። በመጨረሻ ሄደን ልንፈልግ ተወሰነ። መኪናው ሊነሳ ሲል ሾፌሩ ማቴዎስ ሎኩሩን በጣቱ እያሳየ «ይኼ ሰውዬ የዚያ አገር ልጅ አይደለም እንዴ?» አለ።

ሎኩሩ ኮርሜ ተወልዶ ኮርሜ ያደገ ነበር። ደብዳቤዎቹን ሁሉ ወደ ፖስታ ቤት የወሰደው እሱ ነው። ለምን እንዳልነገረን ስጠይቀው፣

«ለእኔ አልተጻፈም» አለኝ።

አብሮን ተሳፈረ። በመንገድ አልዱባ ገበያ ላይ ትምባሆና ጨው ገዛ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ኦሞራቴ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም። የሚናገረው ማቴዎስ ነበር። ማቴዎስ የወላይታ ሰው፣ ፕሮቴስታንት፣ ሲነዳ የሚዘምር፣ እኔን «መሪጌታ» እያለ የሚያፌዝብኝ ሰው ነው። መሪጌታ እንዳልሆንኩ ብዙ ጊዜ አስረድቼዋለሁ፤ እንዳልሆንኩ ስለሚያውቅ ነበር የሚለኝ።

ደሴቲቱ ላይ የተቀበለችን የሎኩሩ ታላቅ እህት ናት። በመጀመሪያ ሸፈሮ፣ ከቡና ገለባ የሚፈላውን መጠጥ፣ በቅል አቀረበችልን። ከዚያም ዝቅ ያለች ጎጆዋ ውስጥ አስገብታ በተፈጨ ማሽላ ላይ ሙሉ አምባዛ ዘረጋችልን። ራሱ አልተቆረጠም። ረጅሙ ጢሙ ሳይሰበር ተቀቅሎ ወደ እኔ ዞሯል። ሎኩሩ በእጁ የዓሣውን ራስ አመለከተኝ።

«ብላ» አለኝ።

«አመሰግናለሁ፤ አልበላም።»

«ጾም ነው?»

«ጾም እንኳ አይደለም። ቅርፊት የለውም። ክንፍና ቅርፊት የሌለው ዓሣ በእኛ ዘንድ አይበላም።»

ሎኩሩ ዓሣውን አየው፤ ቀጥሎ ያን ጊዜ መመለጥ የጀመረውን ራሴን አየ።

«እሱም አንተን አይቶ ጸጉር የለውም ይል ይሆናል» አለ።

ለእህቱ ሲተረጉምላት ጎጆው በሳቅ ተሞላ። እኔም በማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ሳቅ» ብዬ ጻፍኩ። ሴትዮዋ ሳህኑን አዞረችው፤ ጢሙ ወደ ማቴዎስ ተመለከተ። ማቴዎስ እጁን አጥቦ ተቀመጠና ከዓሣው ራስ ጀመረ። እሱ እየበላ ሳለ እሷ ዓይኗን ከፊቱ ሳትነቅል በቋንቋዋ መናገር ጀመረች። ረጅም ጊዜ ተናገረች። አንዳንዴ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ አንዳንዴ ወደ ውሃው ታመለክታለች፤ አንድ ጊዜ እንባዋን ጠረገች። ሎኩሩ አልተረጎመም። እኔ የገበታ ምርቃት መስሎኝ የያዝኩትን የድምፅ መቅጃ ቴፕ ባትሪ ለመቆጠብ አጠፋሁት።

ከምግቡ በኋላ እኔና ሎኩሩ ወጥተን ጥላ ሥር ተቀመጥን። ቴፑን ከፈትኩና ስለ ደሴቲቱ ሰዎች አመጣጥ እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበ።

«ይኼ የደጅ ነው» አለኝ። «እሺ?»

እሺ አልኩ። እሱም ሰባት ወንድማማቾች በድርቅ ዘመን ቀይ በሬያቸውን ይዘው ወደ ሐይቁ እንደ ደረሱ፣ በሬው ውሃውን ጠጥቶ ሲጠግብ ወንድማማቾቹን በጀርባው አዝሎ ሌሊትና ቀን እንደ ዋኘ፣ በመጨረሻም ደክሞት የቆመበት ስፍራ ኮርሜ እንደ ተባለ ሳያቋርጥ ተረከልኝ። የሚያምር ታሪክ ነው። መነሻ አለው፣ ከፍታ አለው፣ መድረሻ አለው። ቅጹ ላይ ያለው ቦታ እንኳ ልክ በቃው።

አሁን ስለዚያች አንዲት ቃል ልናገር። እኔ ባደግሁበት አገር ደጅ ትልቅ ቃል ነው። ደጃዝማች ከዚያ ይወጣል፤ ደጀ ሰላም ከዚያ ይወጣል፤ ሰው ፍትሕ ፈልጎ ደጅ ይጠናል። «የደጅ ነው» ሲለኝ የአደባባይ ነው፣ በታላላቆች ፊት የሚነገር ነው ማለቱ መሰለኝ፤ በመግቢያውም ላይ «ከደሴቲቱ ትውፊቶች ሁሉ ከፍተኛውን ማዕረግ የያዘው የደጅ ትረካ» ብዬ ጻፍኩ። ስለ ቃሉም በግርጌ ማስታወሻ አንድ ገጽ ተኩል ሐተታ ሰጠሁ። ሎኩሩን ግን ደጅ ማለት በእናንተ ዘንድ ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅሁትም። አማርኛ ነበርና የማውቀው መሰለኝ።

ጽሑፉ በመጽሐፍ ታተመ። እኔ ከባለሙያነት ወደ ከፍተኛ ባለሙያነት አደግሁ። ዋናተኛው በሬ ደግሞ ከእኔ ይልቅ አደገ። በየዓመቱ በሚከበረው የባህል በዓል ላይ ሁለት ወጣቶች በእንጨትና በቆዳ በተሠራ በሬ ውስጥ ገብተው በሰማያዊ ሸራ ላይ ይዋኙ ጀመር። በከተማው ያለ አንድ ሆቴል «የኮርሜ ባህላዊ ምግብ» በሚል ስም የበሬ ጥብስ በምግብ ዝርዝሩ ላይ አወጣ፤ በሬ አርደው ለማያውቁ ሰዎች መታሰቢያ። ሎኩሩ የታሪኩ ምንጭ ተብሎ በየዓመቱ ከፊት ወንበር ይቀመጣል፣ ሰርተፍኬት ይሸለማል። ሰርተፍኬቶቹን በሥርዓት አስቀምጧቸዋል፤ ጠንካራ ስለሆኑ ከሰሉን የሚያራግበው በእነሱ ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል ማርታ አደገች። እናቷ የአሪ ሴት ነበረች፤ ልጅቱ ገና ትንሽ ሳለች ሞተች፤ ሎኩሩ ብቻውን አሳደጋት። ትምህርት ቤት ስትገባ ልጆቹ «ዓሣ በል» አሏት። በዚያች ሳምንት ዓሣ መብላት አቆመች፤ ጠዋት ከቤት ስትወጣም እጇን በሎሚ ታሽ ጀመር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሬው ወደ ክፍሏ ደረሰ። መምህሩ ከእኔ መጽሐፍ አነበበላቸው፤ የማርታ ወገኖች ከብት የነበራቸው፣ ያውም የሚዋኝ ከብት የነበራቸው ሰዎች መሆናቸው ታወቀ። ከዚያ በኋላ የሰደባት የለም። ያን ታሪክ የያዘችው እየሰጠመ ያለ ሰው ቅርንጫፍ እንደሚይዝ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ታሪክ አጠናች፤ የመመረቂያ ጽሑፏን በበሬው ላይ ሠራች፤ ሃያ ስድስት ጊዜ እኔን ጠቅሳኛለች። አባቷን በግርጌ ማስታወሻ አንድ ጊዜ አንስታዋለች።

እውነቱን ያወቅሁት በአንዱ በዓል ላይ ነው። ከአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ በሬው ሲዋኝ የኋላ እግር የሆነው ወጣት ሸራው ጠለፈውና በሬው ተቀመጠ። ሎኩሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። አስተዋዋቂው በድምፅ ማጉያ አባታችን በስሜት እያለቀሱ መሆናቸውን ገለጸ፤ ካሜራ ቀረበ። እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ እየሳቀ መሆኑን አየሁ። በዓሉ ሲያልቅ ሣሩ ላይ ተቀምጠን ምን እንዳሳቀው ጠየቅሁት።

አያቱ የፈለሰፈው ታሪክ ነው አለኝ። በዳር ያሉት አርቢዎች ከብት ኖሮት ለማያውቅ ሰው ሴት ልጃቸውን አይድሩም፤ አያቱ ሚስት በፈለገ ጊዜ ከብት ነበረን ማለት ግድ ሆነበት። ከብቱ የት አለ ተብሎ እንዳይጠየቅ ደግሞ ውሃ ውስጥ ጨመረው። ከዚያ በኋላ ለግብር ሰብሳቢ፣ ለወታደር፣ ለማንኛውም ገበታቸውን ለማይቀርብ ሰው የሚነገረው ያ ሆነ። ለእነሱ ደጅ ማለት ውጭ ነው፤ ውሻ የሚተኛበት፣ ያልበላ እንግዳ የሚቆይበት። የቤተሰቡ ታሪክ ግን የማሰሮ ነው፤ የአምባዛውን ራስ እየበላ ላለ ሰው ብቻ፣ እየበላ ሳለ ብቻ ይነገራል።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ነገርኩህ። የደጅ ነው አልኩህ። አንተም ጻፍክ፤ ስትጽፍ አየሁህ።»

በዚያው ሳምንት ማቴዎስን ፈልጌ አገኘሁት። ከመንግሥት ሥራ ወጥቶ በራሱ መኪና በኦሞራቴ መስመር ይሠራ ነበር። ያን ቀን ሴትዮዋ የነገረችውን ታሪክ ያስታውስ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«መሪጌታ፣ እኔ የማስበው አጥንቱ እንዳያንቀኝ ነበር» አለኝ። «ቋንቋውንስ መቼ አውቄ?»

የኮርሜ ሰዎች እውነተኛ ታሪካቸውን ከመነሻው እስከ መድረሻው የነገሩት ብቸኛው የውጭ ሰው ማቴዎስ ነው፤ እሱም አንድ ቃል አልሰማም። መቅዳት የነበረበት ሰው ባትሪ ይቆጥብ ነበር።

ስህተቴን ወዲያው ማረም ነበረብኝ። አላረምኩም። የምሰጠው ምክንያት ለምሁር የሚስማማ ነበር፤ ተተኪ መረጃ ሳይገኝ ነባሩን መሻር አይገባም የሚል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚያ ምክንያት ኖርኩ።

ከጡረታ በኋላ አንድ ቅዳሜ ሎኩሩ ቤት ሄድኩ። መምህር የሆነችው ማርታ የተማሪዎቿን የፈተና ወረቀት ታርማለች። አባቷ ስለ ቅድመ አያቱ አንድ ነገር ሊናገር ሲጀምር እሷ ቀና ሳትል በለሰለሰ ድምፅ አቋረጠችው።

«አባዬ፣ እሱ እንኳ መጽሐፉ ላይ እንደዚያ አይደለም። ይኸው ጋሼ አሉ፤ ይንገሩህ።»

ሁለቱም አዩኝ። እኔ በእጄ የነበረውን ሸፈሮ ጠጣሁ። ቅሉ ትልቅ ስለነበረ ፊቴን በደንብ ሸፈነልኝ። እሷ ወደ ጓዳ ስትገባ ሎኩሩ ወደ እኔ ጠጋ አለ። እህቱ መሞቷን፣ ኮርሜ ላይ የነበሩት ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ማለቃቸውን፣ የማሰሮውን ታሪክ ሙሉውን የሚያውቅ እሱ ብቻ መቅረቱን ነገረኝ። ልጁ ግን አምባዛ ፊት አትቀርብም፤ የአባቷንም ወሬ የመሃይም ወሬ አድርጋ ነው የምትሰማው።

«ሳትበላ ብትነግራትስ?» አልኩት።

«ሳይበላ ብነግረው የደጅ ይሆናል» አለኝ። ስለ ልጁ ነው የሚናገረው። «አንተ ጻፍክ፤ አንተ ንገረው። እኔን አያምንም። አንተ ማኅተም አለህ።»

እነግራታለሁ አልኩ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ባገኘኋት ቁጥር «ጋሼ» እያለች ከወንበሯ ትነሳልኛለች፤ ለተማሪዎቿም «መጽሐፉን የጻፉት እሳቸው ናቸው» ትላቸዋለች፤ እኔም ቀኑ ለእንዲህ ያለ ነገር የማይመች ሆኖ ይታየኛል። ለእሷ አዝኜ ነው ማለትም እችል ነበር፤ በሬዋን ልወስድባት አልፈለግሁም ብዬ። ከፊሉ እውነት ነው። የቀረው ግን መጽሐፉ ላይ ያለው ስም የእኔ መሆኑ ነበር።

ከዚያ ሐይቁ ሞላ። ወንዙ ከአልጋው ወጥቶ የዳሰነችን ቆላ ሲያጥለቀልቅ ኮርሜም ከውሃ በታች ሆነች፤ የቀሩት ሰዎች ወደ ደረቁ ምድር ተበተኑ። ሎኩሩ በዚያው ወራት በጉበት ሕመም ወደቀ። ልጠይቀው ስሄድ ስለ ደሴቲቱ የማጽናኛ ቃል ጀመርኩ። አስቆመኝ። ደሴቷ በአባቱም ዘመን ሰጥማ ተመልሳ እንደምታውቅ ነገረኝ።

«መሬቱ ይመለሳል» አለ። «የአንተ በሬ መዋኘት ይችላል። የእኔ ታሪክ አይችልም።»

በማግሥቱ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ማርታን በዕረፍት ሰዓት ከመምህራን ክፍል ጥግ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ደጅ፣ ስለ ባትሪው፣ ስለ ቅድመ አያቷ የሚስት ፍለጋ። በግርጌ ማስታወሻዬ ላይ የሰጠሁትን ሐተታ ሳይቀር ስህተት መሆኑን አስረዳኋት። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ስጨርስ ያልጠበቅሁትን ተናገረች።

«ዓምና አንድ የኦሞራቴ ልጅ ፈተና ላይ ‹በሬ አልነበራቸውም› ብሎ ጻፈ። ዜሮ ሰጠሁት። አባቱንም አስጠራሁበት።»

የተናደደችው በማን እንደሆነ ራሷም ያወቀች አልመሰለኝም፤ በእኔ፣ በራሷ፣ ወይም ሰባቱን ወንድማማቾች ይዞ በሰጠመው በሬ። ደወል ተደወለ። ጠመኔዋን አንስታ ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞር አለች።

«አምባዛ እንዴት ነው የሚሠራው?» አለችኝ።

እኔ እንዴት አውቄ። ምግቦች በሌላው መደርደሪያ ነበሩ።

አምባዛውን ከኦሞራቴ በበረዶ አድርጎ ያመጣው ማቴዎስ ነው። እሑድ ከቀትር በፊት ከነጆንያው ይዞት ገባ፤ ሸምግሏል፣ ሆኖም ጠባዩ ያው ነው። በመጀመሪያ በሽተኛውን ሰላም አለ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «መሪጌታ፣ ዛሬም ቅርፊት የለውም፤ ፈትሼዋለሁ» አለኝና ተሳፋሪ እንደሚጠብቀው ነግሮን ሄደ። ሎኩሩ ትራሱ ከፍ ተደርጎለት ወደ ምድጃው ማየት እንዲችል ሆኗል። ልጁ ስትሠራ ከአልጋው ሆኖ ያዛታል። ውሃውን አታብዛ ይላታል። አሁን አትንካው ይላታል። ጢሙን ስታዞር ደግሞ ከአልጋው ሊነሳ ምንም አልቀረውም፤ ከተሰበረ ሌላ አምባዛ ያስፈልጋልና። ማርታ አንድ ጊዜ በእንፋሎቱ ምክንያት ይሁን በሌላ ፊቷን ዞር አድርጋ ቆየች፤ ከዚያ ተመለሰች። ማሽላውን ዘረጋች፣ ዓሣውን አሳረፈችበት፣ ከአባቷ አልጋ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ጢሙ ወደ እሷ ዞሯል።

እኔ ያን ቀን የሄድኩት ልበላ ቆርጬ ነው። ሌሊቱን ከራሴ ጋር ተከራክሬ፣ ከቅዱስ መጽሐፉም ጋር በሆነ መንገድ ታርቄ ነበር። ሎኩሩም አልረሳኝም። በእጁ ሳህኑን እያመለከተ ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቀኝ።

«አንተስ?»

ሳህኑን አየሁት። ብበላ ኖሮ የምበላው ለማወቅ ነበር እንጂ ስለራበኝ፣ ወይም ወገናቸው ስለሆንኩ አልነበረም። የዚያን ዓይነት አበላል ደግሞ እሱ ከሩቅ ያውቀዋል፤ ፊቴ ላይ አይቶት ነበር። አልበላም አልኩ። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፣ ያዘነም አልመሰለኝም። ማንም ሳይነግረኝ ተነሳሁ፤ ኮፍያዬን ይዤ ወደ ግቢው ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ሳብኩት።

ወዲያው አልሄድኩም። የሚነገረውን ለመስማት አይደለም፤ ቃላቱ አይሰሙም ነበር፣ የሚሰማው የሎኩሩ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዝቅ ያለ፣ እየቆመ እየተነሳ የሚሄድ። የጠበቅሁት የእሷን ነው። አባቷ አንድ ነገር በተናገረ ቁጥር «እሱ እንኳ» ብላ የምትጀምረውን ዓረፍተ ነገር ያስተማርኳት እኔ ነኝና፣ አሁንም ትጀምረው እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ድምፁ ለረጅም ጊዜ ሳይቋረጥ ሄደ። ከዚያ በመካከል ቆመ፤ ሕመሙ ይዞት ይሆናል፣ ወይም ታሪኩ ራሱ እዚያ ላይ የሚያስቆም ይሆናል። ከቤት ውስጥ ምንም አልተሰማም። በመጨረሻ ማርታ ተናገረች፤ በአማርኛ ሳይሆን በአባቷ ቋንቋ፣ አፏ ሞልቶ፣ በአንዲት ቃል። ያቺን ቃል ከብዙ ዓመት የቴፕ ቅጂ አውቃታለሁ።

«ከዚያስ?» ማለት ነው።